የአሮጌው ቤት እንግዳ

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሰሜንና ስለ ወገራ ሲጽፉ ብዕራቸውን የሚያነሡት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት በዚሁ በሰሜን ምድር ነው። በሊማሊሞ አፋፍ መሽጎ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠውም ከደባርቅ አጠገብ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዘመናት ሁሉ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የኖረ፣ ሳይጋበዝ ከማዕድ የቀረበ፣ ንጉሥ ቢነግሥ ቢሻር ግድ የሌለው ሌላ ሕዝብ አለ። ይኸውም የቤት ተባይ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ከእነርሱ መካከል በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ስለ ሠለጠነው ስለ በረሮ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «በረሮ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ይለን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የበረሮ ታሪክ የቤታችን ታሪክ ነው። ቤታችንን እንዴት እንደ ሠራን፣ ምን እንዳስገባንበት፣ የትኛውን የአባቶች ልማድ እንደ ጣልንና በምን እንደ ተካነው በረሮ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ቤት እንመልከት። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር፣ ዳባትም ወደ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው ብርዱ ብርቱ ነው። ከዚህም የተነሣ የደጋው ሰው ቤቱን የሚሠራው ሙቀት እንዲያምቅ አድርጎ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ወይም እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ መካከሉ ምድጃ ነው። በቅሎው፣ ጥጃውና በጉ ከሰው ጋር ያድራሉ፤ ትንፋሻቸውም ቤቱን ያሞቀዋል። ጭሱ በሣሩ ክዳን ውስጥ እየሾለከ ሲወጣ ጥቀርሻው ማገሩንና ወራጁን እንደ ቀለም ይቀባዋል። እንዲህ በጭስ የጠቆረ እንጨት ለነቀዝም ለምስጥም አይመችም።

የቤቱ እመቤት ደግሞ ወለሉንና መደቡን በየጊዜው በእበት ትለቀልቃለች። በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ባየች ጊዜ ጭቃና ጭድ አቡክታ ትደፍነዋለች። እንጀራው በመሶብ ይከደናል፤ ሊጡ በቡሃቃ ይታፈናል፤ እህሉ በጎታ ውስጥ ሆኖ አፉ ይመረጋል። ዕቃውና ቤቱ በወይራና በጥንጁት ይታጠናል፤ እባብና ነፍሳትን ለማራቅም የወገርት ሥር ይጤሳል። በአብያተ ክርስቲያናትም የብራና መጻሕፍት በማኅደራቸው ሆነው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ እንጂ በወለል አይቀመጡም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰዎች ስለ ነፍሳት ጥናት ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም። ዳሩ ግን ጭስ፣ ልቅለቃና ክዳን ሦስቱ በአንድነት ቤትን እንደሚጠብቁ ከኑሮ ተምረው ነበር።

ሆኖም የቀድሞውን ዘመን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። በዚያ ቤት ውስጥ ቁንጫና ትኋን ሞልቶ ነበር። በብርዱ ምክንያት ልብስ ሳይታጠብ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ቅማል ይበዛ ነበር፤ ቅማልም ግርሻንና ተስቦን እያስተላለፈ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ጭሱም ቢሆን ተባይን ያራቀውን ያህል የእናቶቻችንን ዐይን አፍዝዟል፤ ሳንባቸውንም ጐድቷል። ስለዚህ ጭሱ ከመኝታ ቤት እንዲወጣ መደረጉ ትክክል ነበር። የጐደለው ነገር፣ ጭሱ ሲወጣ ጭሱ ይሠራ የነበረውን ሥራ የሚተካ ነገር አለመታሰቡ ነው።

እንግዲህ ወደ እንግዳው እንመለስ። በአገራችን ቤቶች በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት በረሮዎች ናቸው። አንደኛው ትንሹ ነው፤ ርዝመቱ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለሙ ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ከራሱ በስተኋላ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። ሊቃውንት «የጀርመን በረሮ» ይሉታል። ሁለተኛው ትልቁና ቀላ ያለው ነው፤ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ሽንት ቤትንና የእድፍ ውኃ መውረጃን ይወዳል። ይህኛው «የአሜሪካ በረሮ» ይባላል።

የሚያስደንቀው ግን ሁለቱም ስሞች ስሕተት መሆናቸው ነው። የአሜሪካው በረሮ የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው፤ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በመርከብ ነው። የጀርመኑንም ስም ያወጣለት የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1767 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነገር ግን በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘር ጥናት እንዳስረዳው ይህ ፍጥረት ከዛሬ 2,100 ዓመት ገደማ በፊት በሕንድ ወይም በምያንማር ምድር ከዱር ዘመዱ ተለይቶ ከሰው ቤት ጋር ተጣበቀ። ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተሻገረ፤ ወደ አውሮፓ የደረሰው ከ270 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ዛሬ ይህ ዓይነት በረሮ ከሰው ቤት ውጭ በዱር የሚኖርበት ስፍራ የለም። ቤት ከሌለ እርሱም የለም።

ሰዎችም ስለ በረሮ ሲካሰሱ ኖረዋል። ሩስያውያን ትንሹን በረሮ «ፕሩስያዊ» ብለው ሲጠሩት ጀርመኖች ደግሞ «ሩስያዊ» ይሉት ነበር። በእኛም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አልራቀም። በደባርቅ ገበያ ሽማግሌዎችን ብንጠይቅ «ከቆላ የመጣ ነው» አሉን። ከሊማሊሞ በታች ወርደን በአዲ አርቃይ ብንጠይቅ «ከተሜው ከደጋ ያመጣው ነው» አሉን። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል፤ በረሮው ግን በሁለቱም ማጀት ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል።

በእኛ ግምት የቤት ተባይ ታሪክ በመንገድ ይቆጠራል። የሊማሊሞ ዳገት ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መውጫ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። በዚያን ጊዜ ጭነት የሚመጣው በበቅሎና በአህያ ጀርባ፣ በአቁማዳና በስልቻ ነበር። ጉዞው ሳምንታትን ይፈጃል፤ ጭነቱ በየሰፈሩ ይራገፋል፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። እንዲህ ያለ ጉዞ ሙቀትና እርጥበት ለሚወድ ነፍሳት አይመችም። ኢጣሊያ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ዳገቱን ጠርቦ የመኪና መንገድ ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሳምንታቱ ጉዞ የጥቂት ቀናት ሆነ። የስኳሩ ከረጢት፣ የሳሙናው ሣጥን፣ የካርቶኑ እጥፋት ሁሉ ለበረሮ የተዘጋጀ ማረፊያ ነበር።

መንገዱ ዕቃ ብቻ ሳይሆን አዲስ ዓይነት ቤትም አመጣ። በመንገዱ ዳር የተሠሩት የከተማ ቤቶች ቆርቆሮ ለበሱ። ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ እንደ ኮርኒስ ተወጠረ፤ የጭቃውም ግድግዳ እንዲያምር ጋዜጣ ተለጠፈበት። ማጣበቂያው ምን ነበር? ሊጥ ነው። እንግዲህ ለበረሮ ከዚህ የበለጠ ምን ግብዣ አለ? ግድግዳው ራሱ ምግብ ሆነለት፤ ከጋዜጣውና ከጭቃው መካከል ያለው ክፍተት መኝታ ሆነለት፤ ኮርኒሱ ሰገነት ሆነለት። ብርዱ እንዳይገድለው ደግሞ ከምጣዱ ምድጃ ጀርባ ያለው የሞቀ ጭቃ አለለት። የደጋ በረሮ እንደ ቆላው በየስፍራው አይበተንም፤ ሙቀት ወዳለበት ወደ ማጀት ይሰበሰባል። ዛሬም የኤሌክትሪክ ምጣድና የማቀዝቀዣ ሞተር ያንኑ የሙቀት ሥራ ይሠሩለታል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የመርዝ ዘመን ነው። ስዊሳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት በ1939 እ.ኤ.አ. ገልጦ በ1948 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢጣሊያ በናፖሊ ከተማ የተነሣው ተስቦ በ1943 እና በ1944 እ.ኤ.አ. ክረምት የተገታው ቅማልን በሚያጠፋ ዱቄት ነው፤ ዲዲቲም ዝናው በዓለም የወጣው ያን ጊዜ ነው። በአገራችንም መርዙ የተፈለገበት ምክንያት ከባድ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ በቆላ ድባ የተነሣው ወባ ወደ 7,000 ሰው ገደለ። ይህ መዓት ምክንያት ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሣው ወባ ደግሞ ከዚያ ይልቅ የከፋ ነበር፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በሚከተለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ዲዲቲ የተሞላ ፓምፕ የተሸከሙ ሠራተኞች ወባ ባለበት ምድር ቤት ለቤት መርጨት ጀመሩ።

ይህን ሥራ ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ሌላ ትምህርት ደግሞ ከእርሱ ተከተለ። የመርዙ ዓላማ የወባ ትንኝ ነበር፤ ባለቤቱ ግን በማግሥቱ ወለሉን ሲጠርግ ቁንጫውም ሌላውም ነፍሳት ረግፎ አገኘ። ከዚህም የተነሣ «ቤትን የሚያጸዳ መርጨት ነው» የሚል እምነት በሕዝቡ ልብ አደረ፤ ወባ ወደማይደርስበት ደጋም ወሬው ወጣ። ልቅለቃውና ድፈናው እንደ ኋላ ቀር ልማድ ተቈጠረ። በአንዳንድ ስፍራም ከርጭት በኋላ ግድግዳውን የለቀለቀ ሰው መድኃኒቱን ሸፈንህ ተብሎ ተወቀሰ፤ ለወባ ነገር ወቀሳው እውነት ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ጥበቦች ተጣሉ።

በረሮ ግን ለመርዝ በቀላሉ የሚበገር አይደለም። የትንሹ በረሮ እንስት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ያለበትን ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ በጅራቷ ይዛ ትዞራለች፤ ሙቀት ባለበት ቤት ጫጩቶቹ በሁለት ወር ገደማ ለአካለ መጠን ይደርሳሉ። ከመቶው በረሮ ዘጠና አምስቱ በመርዝ ቢሞቱ የቀሩት አምስቱ መርዙን የቻሉት ናቸው፤ የሚወልዱትም እነርሱን የሚመስል ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ክሎርዴን የተባለውን ብርቱ መርዝ የሚቋቋሙ በረሮዎች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት መርዙን ከጣፋጭ ምግብ ጋር ደባልቀው ማቅረብ ቢጀምሩ፣ ከጊዜ በኋላ ጣፋጭን የሚጸየፉ በረሮዎች ተነሡ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደ ገለጠው ለእነዚህ በረሮዎች ግሉኮስ የሚባለው ስኳር እንደ መራራ ሆኖ ይሰማቸዋል። ትንኙም ቢሆን ዲዲቲን ስለ ለመደ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ገደማ ለወባ ርጭት በሌላ መድኃኒት ተካችው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ የተማርነው አይደለም፤ በራሳችን ጥፋትም ተምረነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ደባርቅ ተዛውረን በአንዲት እማሆይ ግቢ ውስጥ አሮጌ ቤት ተከራየን። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ኮርኒሱ የጠቆረ አቡጀዲ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ብናበራ ግድግዳው ሁሉ የሚንቀሳቀስ መሰለን። በማግሥቱ ከገበያ፣ ምንም ጽሕፈት በሌለበት ብልቃጥ የተቀዳ የእህል መርዝ ገዝተን ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ረጨነው። ብዙ በረሮ ረገፈ፤ እኛም ደስ ብሎን ጠርገን ወደ ግቢው ጣልነው። በዚያው ቀን የእማሆይ ዶሮ ከነጫጩቶቿ የተጣለውን ለቀመች። ሲመሽ አራቱ ጫጩቶች ሞተው ተገኙ። የእማሆይ የልጅ ልጅ፣ ገና በመዳኽ ላይ ያለች ሕፃን፣ በዚያው ስፍራ አፈር ይዛ ስትጫወት አየናት። እጇን በሳሙና አጠብን፤ ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ አልወሰደንም። እግዚአብሔር ይመስገን ሕፃኗን ምንም አልነካትም። በሦስተኛው ሳምንት በረሮዎቹ ተመለሱ።

እማሆይ ስለ ጫጩቶቹ አንዲት ቃል አልተናገሩንም። እኛ ግን አፍረን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድን።

«እማሆይ፣ አጥፍተናል። አንቱስ ምን ይመክሩናል?» አልናቸው።

«ልጄ፣ አንተ የምትገድለው የወጣውን ነው» አሉን። «እኔ ብሆን የሚገባበትን እፈልግ ነበር። ነገ ማታ ዕቃህን ሁሉ አውጣና የታኅሣሥ ውርጭ ይምታው።»

እንዳሉትም አደረግን። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ መደርደሪያው በውርጭ አደረ። ሲነጋ ከሣጥኑ ስንጥቅ ብዙ በረሮ ደንዝዞ ወደቀ፤ እማሆይም እየጠረጉ ወደ እሳት ጨመሩት። ጋዜጣውን ከግድግዳው ብንልጠው ከሥሩ የተላጠ ቆዳና ባዶ የእንቁላል ከረጢት እንደ ገለባ ረገፈ። አቡጀዲውን አውርደን አቃጠልነው። ከዚያ በኋላ ጭቃ፣ ጭድና አመድ አቡክተን ስንጥቁን ሁሉ ደፈንን፤ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ክፍተት እማሆይ በገዛ እጃቸው መረጉት። ሊጡ እንዲከደን፣ የታጠበበት ውኃ ሌሊት እንዳያድር፣ ጥራጊው ከመምሸቱ በፊት እንዲወጣ አዘዙን። በሁለት ወር ውስጥ በረሮ በወር አንድ ሁለት ቢታይ ነው። ያም ቤት ያው አሮጌው ቤት ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የመጸየፍ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እንለምናለን። በረሮ ከሽንት ቤት ወጥቶ ወደ መሶብ ይሄዳል። በጎንደር ከተማ ከተያዙ በረሮዎች ላይ ተመርምሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሽታ የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎችን እንደሚሸከሙና ከእነዚህም ብዙዎቹ በርካታ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህም ሌላ የበረሮ ኩስና ብናኝ በሕፃናት ላይ አስም እንደሚያባብስ በሌላው ዓለም በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። በአንድ ወገን ይህ አደጋ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ እኛ እንዳደረግነው ስሙ የማይታወቅ መርዝ ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ የመርጨት አደጋ አለ። ብዙ ቤተ ሰብ ከመጀመሪያው ሲሸሽ በሁለተኛው ይወድቃል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥር ነው። ትምህርቱም ከእማሆይ ምክር ብዙ አይርቅም፤ ምግቡን ክደን፣ ውኃውን አድርቅ፣ ስንጥቁን ድፈን፣ ጥራጊውን አርቅ፣ ሽንት ቤቱን ክደን የሚል ነው። መርዝ የግድ ካስፈለገ ቤቱን ሁሉ ከመርጨት ይልቅ በረሮው በሚሸሸግበት ስፍራ ጥቂት በጥቂት የሚቀመጥ መርዝ ያለበት ማባበያ ምግብ ይሻላል፤ አንዱ በልቶ ወደ ጎሬው ሲመለስ ኩሱንና ሬሳውን የበሉትም ይሞታሉና። የቦሪክ አሲድ ዱቄትም በደረቅ ስንጥቅ ውስጥ በስሱ ሲነሰነስ ይጠቅማል፤ በረሮው እግሩን ሲልስ ይውጠዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ከሕፃናትና ከዶሮ እጅግ መራቅ አለባቸው፤ የሚገዙትም ስማቸውና አጠቃቀማቸው ከተጻፈበት ዕቃ ጋር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምራለን። በከተማ ያሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ግድግዳ ይጋራሉ። አንዱ ቢያጸዳ በረሮው ለጊዜው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ጎረቤት ሲያጸዳ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። ለአጨዳና ለቤት ክዳን በደቦ የሚረዳዳ፣ ለኀዘን በዕድር የሚሰበሰብ ሕዝብ በአንድ ቀን በረሮን ለማስወጣት የማይተባበርበት ምክንያት የለም።

ለዚህ የሚሆን ቀንም አለን። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አገራችንን የመታው የኅዳር በሽታ ከተባለው ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየተሰበሰበ ይጤሳል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም ይኸው ነው። ጭሱ ዛሬ አየሩን ከማበላሸት በቀር በሽታን አያርቅም፤ የመሰብሰቡና የማጽዳቱ ልማድ ግን መልካም ነው። በደባርቅና በዳባት ደግሞ የኅዳር ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ያለ ዋጋ የሚገኝ ረዳት ነው። ጭሱን ትተን ማጽዳቱን ብንይዝ፣ በዚያች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ዕቃውን አውጥቶ ውርጭ ቢያስመታ፣ ስንጥቁንም በጋራ ቢደፍን፣ ለልጆቻችን ከብዙ ብልቃጥ መርዝ የተሻለ ነገር እናተርፍላቸው ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አሮጌ ቤት ስላረጀ ብቻ አይናቅም፤ አይፈርስምም። የሠሩት ሰዎች ሲጠብቁት የነበረውን ጥበቃ ስለ ተወን ነው እንግዳው የገባው። እኛም ያንን ጥበቃ ዘመኑ ከገለጠው ዕውቀት ጋር አስማምተን ብንመልሰው፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ከሰው ቤት ተጣብቆ የኖረው ይህ እንግዳ ከማጀታችን ይወጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እማሆይ ዛሬም በዚያው ግቢ ናቸው። በሄድንበት ጊዜ ዶሮአቸው ሌሎች ጫጩቶች አስከትላ በግቢው ውስጥ ስትጭር አይተናታል።